ነፃ የቫይረስ ምርመራ

ለጸሐፊዋ አዲስ ኩባያ ተገዛላት። ጠዋት ከጓሮ ክፍሏ ወጥታ ለቁርስ ወደ ወንድሟ ቤት ስትገባ፣ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አረንጓዴ ኩባያ፣ አረንጓዴ ሳህንና አንድ ማንኪያ ለብቻቸው ተቀምጠው ጠበቋት። ከኩባያው ሥር የተለጠፈው የዋጋ ወረቀት እንኳ ገና አልተላጠም። «ያንቺ ናቸው» አለቻት የወንድሟ ሚስት፣ ፊቷን ወደ ምድጃው እንዳዞረች። «ስትጨርሺ እጠቢያቸውና እዚያው ክፍልሽ አስቀምጪያቸው። ልጅቷ እንዳትሰብርብሽ።» ጸሐፊዋ ደስ አላት። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ እዚህ ቤት ከገባች ጀምሮ ሻይ የምትጠጣው ሌላው ሰው መርጦ በተረፈው ብርጭቆ ነበር፤ አንዳንዴ ከንፈሩ የተሸረፈው ይደርሳታል፣ አንዳንዴም የልጅቷ የወተት ጣሳ። አሁን ግን እንደ ሰው ተቆጥራ የራሷ ዕቃ ወጣላት። «እትዬ፣ ምን አስቸገረሽ?» አለች። እትዬ ምድጃው ላይ ያለውን ድስት አማሰለች። ሰው ደስ ሲለው ሞኝ ነው። ጸሐፊዋ የዋጋውን ወረቀት በጥፍሯ እየላጠች፣ ርካሽ አለመሆኑን አይታ የባሰ ደስ አላት።

የአምስት ዓመቷ የወንድሟ ልጅ እንደ ወትሮዋ ማበጠሪያዋን ይዛ ወደ ጸሐፊዋ ጉልበት መጣች። የልጅቷን ፀጉር በየጠዋቱ የምታስርላት አክስቷ ናት፤ እናትየዋ ትዕግሥት የላትም፣ እየጎተተች ታስለቅሳታለች። ዛሬ ግን እትዬ ከምድጃው ዘንድ መጥታ ማበጠሪያውን ከልጅቷ እጅ ወሰደች። «ዛሬ እኔ ነኝ የማስርሽ።» ልጅቷ አኮረፈች። «አክስቴ ትሠራኝ» አለች። እናትየዋ ፀጉሯን መፍታት ጀመረች። አባትየው የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነው፤ ከቁጠባ ብዛት ቃል እንኳ ያለ ፊርማ ወጪ አያደርግም እየተባለ ይቀለድበታል። ቢሆንም ጠዋት ጠዋት ለእህቱ አንድ ሁለት ነገር ሳይላት አይወጣም ነበር። ዛሬ ሻዩን ያማስላል፣ ያማስላል፣ ከዚያ የእህቱን እጆች ሰረቅ አድርጎ ያያል። ጸሐፊዋ የኮፒ ማሽኗ የቀለም ዱቄት ነክቷት መስሏት እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

ልብ ያላለችው ሐሳቧ ሌላ ቦታ ስለ ነበረ ነው። አራት ቀን ሙሉ ሱቋ ሰው አልገባም። እሷ ደግሞ ምክንያቱን የምታውቅ መስሏታል፤ ኮምፒውተሯ ቫይረስ አለባት ተብሎ ተወርቷል። ዛሬ እንደምንም ብላ በነፃ የሚገኝ ፀረ ቫይረስ ፈልጋ፣ ማሽኗን አጽድታ፣ ስሟን ማደስ አለባት። ደንበኛ ካልተመለሰ ሱቅ የለም፤ ሱቅ ከሌለ ደግሞ በወንድም ጓሮ የምትኖር፣ ያላገባች፣ ሥራ የፈታች እህት መሆን ነው። ይህ ደግሞ ምን ማለት እንደ ሆነ የኖረበት ያውቀዋል።

ሱቅ ትባል እንጂ አንድ ጠባብ ክፍል ናት። ከአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ፊት ለፊት፣ በረንዳ ላይ ጎን ለጎን ሁለት በሮች አሉ፤ አንዱ የእሷ፣ ሌላው የልብስ ሰፊዋ ነው። በመሐላቸው ያለው ግድግዳ ስስ የቺፑድ ጣውላ ስለሆነ የስፌት መኪናው ድምፅ ቀኑን ሙሉ ወዲህ ይሰማል፤ የማተሚያው ጩኸትም ወዲያ ይሻገራል። ጸሐፊዋ ክፍል ውስጥ አንድ ኮፒ ማሽን፣ አንድ ማተሚያ፣ ሁለት ወንበርና ፊደሎቹ ከአሮጌው የመጻፊያ ገበታ ላይ የተፋቁ ኮምፒውተር አለ። ፊደሎቹ ቢፋቁም ግድ የላትም፤ ሳታይ ነው የምትጽፈው። ወደ መሥሪያ ቤቱ የሚገባ ሁሉ ማመልከቻውን የሚያጽፈው እሷ ጋ ነው። ማን ከማን እንደ ተፋታ፣ ማን ወንድሙን እንደ ከሰሰ፣ የማን ልጅ በማን ስም እንደ ተመዘገበ በጣቷ ታውቃለች፤ በአፏ ግን አንድም ቀን አላወጣችውም። ሆድ ይፍጀው የምትል ሴት ናት። ለዚህ ነበር ሰው የሚወዳት።

ኮምፒውተሯ ድሮ የምትሠራው ከገበያ በተገለበጠ በተሰረቀ ሲስተም ነበር። ደንበኛ ይዞት በሚመጣው ፍላሽ ሁሉ በሽታ ይገባባታል፤ የሰው ማመልከቻ በሌሊት ይሰወራል፣ በፎልደሩ ፋንታ የማይከፈት ምልክት ብቻ ይቀራል። በመጨረሻ የኮምፒውተር ጠጋኙ መጥቶ ሁሉንም ጠርጎ ሌላ ሲስተም ጫነላት። ይህን ጠጋኝ የሰፈሩ ሰው ሁሉ «ዶክተር» ይለዋል፤ በዋዛ የተጀመረ ነበር፣ አሁን ግን እውነተኛ ስሙን የሚያውቅ የለም። ለሱ ማሽን ሁሉ ሴት ነው። «ታማለች»፣ «ተርባለች»፣ «ትድናለች» እያለ ነው የሚያወራው። አዲሱን ሲስተም ሲጭንላትም «ይቺ ነፃ ናት» ብሏት ነበር። «የሠሯት ሰዎች አንጀቷን ሳይቀር ለማየት ለፈለገ ክፍት አድርገው ነው የተዉአት። ባለቤት የላትም፣ አትሸጥም። ቫይረስ ደግሞ አይነካትም።» እውነቱን ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ፋይል አልጠፋባትም።

ችግሩ የመጣው ባለፈው ሳምንት ነው። የሰፈሩ ትምህርት ቤት ምክትል ርእሰ መምህርት ፈተና አጽፋ፣ በፍላሽ ይዛ ሄዳ፣ ቢሮዋ ያለው ኮምፒውተር ላይ ስትሰካው የትምህርት ቤቱ ማሽኖች ተከታትለው ወደቁ። ዶክተር የትምህርት ቤቱም ጠጋኝ ስለሆነ መጥቶ የጸሐፊዋን ማሽን መረመረ። ከዚያ ለምክትሏ ሊደውልላት ፈለገ፤ ክፍሉ ውስጥ ኔትወርክ ስለማይገባ ወደ በረንዳው ወጣ። ከሁለቱ በሮች መሐል ቆሞ፣ ስልክ ሩቅ አገር የሚደርሰው በጩኸት ብቻ እንደ ሆነ ሁሉ፣ እንዲህ አለ፦ «አሁን አየኋት። እሷ ቫይረስ አለባት። አይ፣ ለራሷስ ምንም አትሆንም፤ ብታዪያት ጤነኛ ነው የምትመስለው። ምልክት አታሳይም። ችግሩ ለሌላው ታስተላልፋለች። ስንቱ እየመጣ ነው የሚሰካባት፣ ጥንቃቄ የለ ምን የለ! ለጊዜው ሰው እሷ ጋ ባይሄድ ጥሩ ነው።»

በረንዳው ላይ ልብስ የሚለኩ ሴቶች ነበሩ፤ ከፀሐይ የተጠለሉ ባለጉዳዮች ነበሩ። እኛ ዘንድ ቫይረስ ሲባል መጀመሪያ የሚታሰበው የኮምፒውተሩ አይደለም፤ ስሙ በሹክሹክታ የሚጠራው፣ ያ በደም ውስጥ የሚኖረው ነው። የሰሙት ሁሉ ያዩት ሁለት በርና ሁለት ሴት ነው። ተናጋሪው ማን ነው ብሎ የጠየቀ ደግሞ «ዶክተሩ ነው» የሚል መልስ አገኘ። ዶክተሩ የወጣው ከጸሐፊዋ በር ስለ ነበር ነገሩ እሷ ላይ አረፈ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ወሬው ከእሷ ቀድሞ ወንድሟ ቤት ደረሰ። ጸሐፊዋ ያን ሁሉ ንግግር ከውስጥ ሰምታለች። እሷ ግን ያፈረችው በማሽኗ ነው።

እንግዲህ በአምስተኛው ቀን፣ ኩባያው በተገዛበት ጠዋት፣ ሱቋን ከፍታ ተቀመጠች። በየቀኑ የሚመጣው የመሥሪያ ቤቱ ተላላኪ ኮፒ የሚደረጉ ወረቀቶቹን ታቅፎ በበሯ ፊት አልፎ ወደ ላይኛው መንገድ ሄደ። አንዲት ሴትዮ ማመልከቻ ልታጽፍ ገብታ፣ ጸሐፊዋ ወንበሩን ስትስብላት «እቆማለሁ» አለች፤ ወረቀቱንም በሁለት ጣቷ ጫፉን ይዛ ተቀበለች። ጸሐፊዋ ዶክተር ጋ ደወለች።

«ወንድሜ፣ በነፃ የሚገኝ ፀረ ቫይረስ ፈልግልኝ። ሰው ሸሸኝ።»

«ለዚች ሲስተም እኮ ፀረ ቫይረስ የሚጭን የለም። አያስፈልጋትም» አለ ዶክተር።

«አለባት አላልክም እንዴ?»

«አለባት። ግን አያማትም።»

«እኔን ግን እያመመኝ ነው» አለችው።

ሥራ ላይ ነኝ፣ እስቲ ራስሽ ፈልጊ፣ ካጣሽ ደውይልኝ ብሎ ዘጋው። የስልኳን ኢንተርኔት ከኮምፒውተሯ ጋር አገናኝታ ፍለጋ ጀመረች። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንደሚባለው ያገኘችውን ሁሉ ከፈተች። የመጀመሪያው ነፃ ነኝ ይላል፤ ገባ ሲሉ ነፃነቱ ለአንድ ወር ብቻ ነው፣ ያውም የባንክ ካርድ ቁጥር ካስገቡ። ሁለተኛው ለቤት ነፃ ነው፣ ለሥራ ቦታ ግን ይከፈልበታል፤ የእሷ ክፍል ቤት ይሁን ሥራ ቦታ ብላ ትንሽ አሰበች። ሦስተኛው በጣም ጥሩ ነበር ይላሉ፣ ግን የሠሩት ሰዎች ትተውት ከሄዱ ቆይተዋል፤ ገጹ እንደ ተዘጋ ሱቅ ማስታወቂያው ብቻ ቀርቶ ቆሟል። አንድ የውይይት መድረክ ላይ እሷ የምትጠይቀውን ጥያቄ የጠየቀ ሰው አገኘች። ደስ ብሏት ወደ መልሱ ወረደች። መልስ የሰጡት ሰዎች ጠያቂውን ሰነፍ፣ ፈሪ፣ ሲስተሙን ያላወቀ እያሉ ሰድበውታል። «አንተ አትታመምም፣ ለምን መድኃኒት ትፈልጋለህ?» ብሎታል አንዱ። ሰውየው ደግሞ «እኔ ባልታመምም ከእኔ የሚወስዱት ይታመማሉ» ብሎ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ማንም አልመለሰለትም። ጸሐፊዋ ለማታውቀው ሰው አዘነችለት።

ወደ ቀትር ገደማ አንድ አገኘች። እውነተኛ ነፃ ነው፤ ገንዘብ አይጠይቅ፣ ካርድ አይጠይቅ። መልክ ግን የለውም፤ የሚጫን ቁልፍም ሥዕልም የሌለው፣ በጥቁር መስኮት ላይ በጽሑፍ ብቻ የሚታዘዝ ነው። ዶክተር በስልክ ፊደል በፊደል እየነገራት ጻፈች። «መጀመሪያ ሱዶ በያት። ሱዶ ካላልሻት አትሰማሽም፤ የባለቤት ትእዛዝ ማለት ነው።» መጻፍ የእሷ ሥራ ስለሆነ አላስቸገራትም፤ የማይገባትን ቋንቋ ያለ አንድ ስሕተት ጻፈችው። መስኮቱ በፋይል ስም ተሞልቶ ወደ ላይ ይሮጥ ጀመር። በሁለት ዓመት ውስጥ የጻፈቻቸው ጉዳዮች ሁሉ አለፉ፤ የፍቺው፣ የውርሱ፣ የሥራ ቅጥሩ፣ የሐዘን መግለጫው። በየመሐሉ አንዱ ፋይል ላይ ቆም ይልና «ተበክሏል» የሚል መስመር ይጽፋል። እንግዲህ እውነት ነበር፤ ማሽኗ ሳታውቀው የሰዉን ሁሉ በሽታ ተሸክማ ኖራለች። አንድ በአንድ አጥፍታ ደግማ አስመረመረቻት። ከታች «የተበከለ ፋይል፦ 0» የሚል ወጣ። ጸሐፊዋ ብድግ ብላ በሩ ላይ ቆመችና አየር ሳበች። የምትነግረው ሰው ግን አልነበረም።

ከዚያ ነው ያን ማስታወቂያ የጻፈችው። ትልቅ ፊደል መርጣ፣ አድምቃ፣ መሐል ላይ አድርጋ፦ «ይህ ቤት ከቫይረስ ነፃ ነው። ነፃ የቫይረስ ምርመራ እናደርጋለን።» አትማ በፕላስቲክ ለብዳ በሩ ላይ ለጠፈችው። ይህ ነፃ የሚባል ቃል እንደ ምክትል ኃላፊ ነው፤ ባልተመራለት ጉዳይ ሁሉ ይፈርማል። ዋጋ ሲቀር ነፃ፣ ፍርድ ቤት ሲለቅ ነፃ፣ ደም ሲመረመር ነፃ፣ ባለቤት የሌለው ሲስተምም ነፃ። በየቀኑ ማመልከቻ የምትጽፍ ሴት ይህን ማወቅ ነበረባት። ግን የራስን ጽሑፍ ማረም ከባድ ነው፤ ዓይን የሚያየው የተጻፈውን ሳይሆን የታሰበውን ነው።

ሰው መቆም ጀመረ። ጸሐፊዋ ከውስጥ ሆና አየች፤ ያልፉና ይመለሳሉ፣ ያነቡና እርስ በርስ ይተያያሉ። ሠራ ብላ ተደሰተች። ትንሽ ቆይቶ የመሥሪያ ቤቱ ጥበቃ ኮፍያውን አውልቆ ግራ ቀኙን አይቶ ገባ።

«ምርመራው ዛሬ አለ?» አለ በዝግታ።

«አለ። ይዘሃል?»

«ምኑን?»

«ፍላሽህን ነዋ።»

ጥበቃው ኮፒ ማሽኑን አየ፣ ማተሚያውን አየ፣ መርፌ የሚመስል ነገር ፈለገ። «እኔ እኮ ከጣት በሚወሰድ ደም መስሎኝ። ስም ይጻፋል? ስም የሚጻፍ ከሆነ ይቅር» አለና መልሷን ሳይጠብቅ ኮፍያውን ደፍቶ ወጣ። ጸሐፊዋ ብቻዋን ሳቀች። ስቃ ስቃ፣ ሳቋ መሐል ላይ ቆመ። ወደ ውጭ ወጥታ በበረንዳው ላይ እንደ መንገደኛ ሆና የራሷን ማስታወቂያ አነበበችው። ከዚያ በጥፍሯ መላጥ ጀመረች፤ ማጣበቂያው አልለቅ አላት።

«ተይው፣ እኔ ላግዝሽ» አለቻት ከኋላዋ የመጣችው ልብስ ሰፊዋ። ሜትሯን አንገቷ ላይ እንደ ጠመጠመች ነው የወጣችው። ሁለቱ ሆነው ላጡት። ልብስ ሰፊዋ አብራት ወደ ውስጥ ገባችና በሩን መለስ አድርጋ ያቺ ሴትዮ እንቢ ያለችው ወንበር ላይ ተቀመጠች። አራት ዓመት ጎረቤታሞች ናቸው፤ ክር ይዋዋሳሉ፣ ዳቦ ይካፈላሉ፣ ይቀላለዳሉ። እንዲህ በር ዘግተው ተቀምጠው ግን አያውቁም።

«እህቴ፣ ሰው ነፃ ነኝ ብሎ በር ላይ ሲለጥፍ የባሰ ይጠረጠራል» አለች ልብስ ሰፊዋ ዝቅ ባለ ድምፅ። «እኔ አራት ቀን ሙሉ እንቅልፍ አጥቼ ነው የሰነበትኩት። ልብስ የሚያሰፉት ሴቶች ሲያሙሽ እየሰማሁ ዝም አልኩ። መናገር ነበረብኝ፣ ፈራሁ። እኔም አለብኝ። ልጄን ስወልድ ነው ያወቅሁት፤ ይኸው ልጄ አሥረኛ ክፍል ደርሷል፣ ጤነኛ ነው። መድኃኒቴን እውጣለሁ፣ ሥራዬን እሠራለሁ፣ ከማንም አላንስም። ለእናቴ እንኳ አልነገርኳትም። ላንቺ ግን የነገርኩሽ ብቻዋን መሆን የለባትም ብዬ ነው። መድኃኒት የሚሰጡበት ቦታ አንድ ነርስ አለች፣ ሰው አታጋልጥም። አብሬሽ እሄዳለሁ።»

ጸሐፊዋ ያን ጊዜ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ገባት። ኩባያው፣ ማበጠሪያው፣ ወንድሟ እጇን ያየበት አስተያየት፣ ወረቀቷን በሁለት ጣቷ የያዘችው ሴትዮ። ከዚያ ደግሞ፣ ምን እንደ ነካት እንጃ፣ ሳቅ አመለጣት። «እኔ'ኮ የለብኝም!» አለች። «ኮምፒውተሯ ናት! ዶክተር ኮምፒውተሯን ነው ያለው። እኔ ነፃ ነኝ፣ ምንም የለብኝም።»

ቃሉ ከአፏ እንደ ወጣ ልትመልሰው ፈለገች። ልብስ ሰፊዋ አልተቆጣችም፤ ፊቷ ብቻ እንደ ተዘጋ በር ሆነ። አንገቷ ላይ ያለውን ሜትር ሳብ ሳብ አድርጋ አስተካከለችው። «ተመስገን ነው» አለች። «ተመስገን። እንኳን ነፃ ሆንሽ።» ተነሣች። ጸሐፊዋ እጇን ልትይዛት ስትሞክር ልብስ ሰፊዋ በሩን ለመክፈት ዞራለች።

«የነገርኩሽን እንግዲህ…»

«እኔ ልሙት፣ ለማንም አልናገርም» አለች ጸሐፊዋ።

«ሥራዬ የሰው ልብስ ነው፤ ታውቂያለሽ» አለች ልብስ ሰፊዋና ወጣች። የስፌት መኪናው ድምፅ ግን ወዲያው አልተሰማም። ጸሐፊዋ ቺፑዱን እያየች ብዙ ጠበቀች። ስድስት ጊዜ ሄዳ ይቅርታ ልትጠይቃት ተነሣች፤ ምን ብላ እንደምትጠይቃት ቃል ስላጣች ተመልሳ ተቀመጠች። ያልታመመ ሰው አልታመምኩም በማለቱ ይቅርታ የሚጠይቀው እንዴት ነው?

ወደ ቤት ስትመለስ ግን ቆርጣ ነበር። እነግራቸዋለሁ፣ ይስቃሉ፣ ያልቃል አለች። እራት ሾርባና ዳቦ ነበር። ጠረጴዛው ዙሪያ ከሦስቱ ሰዎች ወንበር ትንሽ ራቅ ብሎ የእሷ ወንበር ተቀምጧል። እትዬ ትቀዳለች፣ ልጅቷ እግሯን ታወዛውዛለች፣ ወንድሟ ዳቦውን ይቆርሳል። ማንኪያው ከሳህን ጋር ሲጋጭ ብቻ ይሰማል።

«ወንድም ጋሼ፣ አንድ ነገር ልንገርህ» አለች ጸሐፊዋ። «ስለኔ የሚወራው ስሕተት ነው። ቫይረስ ያለባት ማሽኗ ናት። እሷ ራሷ አትታመምም፣ ግን ታስተላልፋለች። ዶክተሩ ነው እንደዚያ ያለው።»

«የቱ ዶክተር?»

«የኮምፒውተር ጠጋኙ። ስሙ ነው እንጂ ዶክተር አይደለም።» እየተናገረች ጆሮዋ የራሷን ንግግር ሰማው። ማመካኛ ይመስላል። ማመልከቻ ሆኖ ቢመጣላት ራሷ እንኳ አታምነውም ነበር።

እትዬ ጭልፋውን አስቀመጠች። «እኛ ምን አልንሽ?» አለች።

«ምንም አላላችሁኝም።»

«እንግዲያውስ።»

እውነትም ማንም ምንም አላላትም። ኩባያ ነው የተገዛላት። ያልተከሰሰ ሰው ደግሞ ነፃ ልውጣ ብሎ የሚሟገትበት ችሎት የለውም። ጸሐፊዋ እንባዋ መጣ፤ በሾርባው እንፋሎት አሳብባ ዓይኗን ጠረገች። ወንድሟ ጉሮሮውን ጠራረገ። «ወረቀት ቢኖርስ?» አለ፣ ዳቦውን እያየ። «ጤና ጣቢያ ሄደሽ ብትመረመሪ የአንድ ቀን ጉዳይ ነው። እኔ አምንሻለሁ። ለልጅቷ ስንል ነው።»

«እሄዳለሁ» አለች ጸሐፊዋ ሳታስጨርሰው። «ነገ ጠዋት እሄዳለሁ።» እፎይ አለች። ይህን ያህል ቀላል ነበር ለካ። ልጅቷ ወደ እሷ ፈገግ አለች።

«ጥሩ» አለች እትዬ። «እንግዲህ ሌላዋ ናታ።»

«ሌላዋ ማን?»

«ልብስ ሰፊዋ ናታ። ያለ ነገር አይወራም። ሰው በጆሮው ነው የሰማው፤ እሷ አለባት ብሏል። እዚያ በረንዳ ላይ ያላችሁት ሁለት ናችሁ። አንቺ ወረቀት ካመጣሽ የቀረችው እሷ ናት። የልጄን ዩኒፎርም'ኮ የምትሰፋው እሷ ናት፤ ክሩን በጥርሷ ስትበጥስ አይቻለሁ።»

«ማሽኗ ናት አልኩሽ'ኮ፣ እትዬ።»

«ማሽን እሷ ይባላል? ሰው እሷ ሲል ሴት ነው።» እትዬ ድምፅዋን አልጨመረችም፤ ነገሩን ለራሷ ጨርሳዋለች። «ወረቀትሽን አምጪና ያን ቀን ጨርቄን ከቤቷ አወጣለሁ። እዚያ ለሚያሰፉት እናቶችም ሁሉ እነግራቸዋለሁ። ልጅ ያለው ሰው ነኝ።»

«ልብስ ሰፊዋ ጤነኛ ናት» አለች ጸሐፊዋ።

«በምን አወቅሽ? ነግራሻለች?»

ለዚህ ጥያቄ አዎ ብትልም አይ ብትልም ልብስ ሰፊዋን የሚያድናት መልስ የለም። ትንሽ እንኳ ከዘገየች መልስ ይሆናል። የሰውን ሁሉ ጉዳይ ጽፋ ያላወጣች ሴት፣ የራሷን ንጹሕነት የሚያስረዳ አንድ ወረቀት ብታመጣ፣ ያ ወረቀት እሷን ነፃ አውጥቶ ሌላዋን ይዞ እንደሚቀርብ አየች። ባታመጣው ደግሞ እሷው ራሷ እንዳለባት ይቆጠራል። ከዚህ ሌላ መንገድ ፈለገች። ጠዋት ያን ሁሉ ገጽ ስትከፍት እንኳ ይህን ያህል አልጨነቃትም።

«እሷን ተያት» አለች በመጨረሻ።

«ነገ አስፈቅጄ አብሬሽ እሄዳለሁ፤ ይለይለት» አለ ወንድሟ።

«ነገ አይመቸኝም።»

«ከነገ ወዲያስ?»

«እሱም አይመቸኝም፣ ወንድም ጋሼ።»

«ሳምንት ይሁን?»

ጸሐፊዋ እጆቿን ከጠረጴዛው ላይ አንሥታ ጉልበቷ ላይ አኖረቻቸው። «ተወው። አልመረመርም» አለች።

እትዬ ብድግ አለች። የልጅቷን እጅ ይዛ ወደ መኝታ ክፍል አስገባቻት። ልጅቷ ገና እየበላች ነበር፤ አክስቴም ትምጣ እያለች ስታለቅስ ከግድግዳው ወዲያ ተሰማ። ወንድምየው ብቻውን ቀረ። ለረጅም ጊዜ እህቱን ቀና ብሎ አያት፤ ከጠዋት ጀምሮ እንደዚያ አላያትም ነበር። ዓይኖቹ ሞሉ። እጁን በጠረጴዛው ላይ ወደ እሷ ዘረጋ፤ እጁ ዳቦው ጋ ሲደርስ ቆመ።

«አይዞሽ፣ እህቴ» አላት።